ዘንባባው የማን ነው?

ገብረየስ በ1973 ዓ.ም. የሆሳዕና ዋዜማ ማለዳ ከሐይቅ ዳር ሲነሣ ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሐይቁ ማዶ ካለው ገደል ዘንባባ ቆርጦ ለቤተ ክርስቲያን የሚያመጣው እሱ ነበር። ዘንድሮ ግን የደብሩ ሽማግሌዎች «እርስዎ ይረፉ፤ ባዬ ወጣት ነው፣ አህያም አለው» አሉት።

ይረፉ! ይህችን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ሲያላምጣት ከረመ። ለመሆኑ ባዬ ማነው? ትናንት ከጎጃም በዝውውር የመጣ ጸሐፊ! ቅናት አንጀቱን አሳረረው። ቀድሞት ቆርጦ፣ ቀድሞት ሊገባ ማለ።

ታንኳዋን የሚቀዝፈው ማቴዎስ ነበር፤ የጴንጤዎች ጸሎት ቤቱ በደርግ ከታሸገ ወዲህ እሑድ እሑድ ሐይቁ ላይ ብቻውን የሚዘምር ዓሣ አጥማጅ።

«ጋሼ፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስብን እንመለሳለን?»

«አንተ ቅዘፍ!»

መሀል ሐይቅ ሲደርሱ ነፋሱ ተነሣ። ማዕበሉ የታንኳዋን ጎን እየዘለለ ገባ። ገብረየስ በባርኔጣው ውሃ እየዛቀ፣ ሊሰጥም ተቃርቦም ማስተማሩን አልተወም።

«ሆሳዕና ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? ‹እባክህ አድነን› ማለት ነው! ጌታ በአህያ ተቀምጦ ሲገባ ሕዝቡ ዘንባባ ይዞ የጮኸው!»

«እኛም እናውቀዋለን፣ ጋሼ። ይልቅ ውሃውን ይዛቁ!»

ዳር ሊደርሱ ሲሉ ከደንገሉ መሀል ጉማሬ ብቅ አለ። አፉን ከፍቶ መጣና መቅዘፊያውን ቀረጠፈው። ሁለቱም ዘለው፣ ታንኳዋን በጭቃ እየጎተቱ አመለጡ።

ለዘንባባው ማሰሪያ የታንኳዋን ገመድ ይዘው፣ በገደሉ እሾህ እየተቧጨሩ ዘንባባው ወደሚበቅልበት ወንዝ ወረዱ። እዚያ አንዲት አህያ ከግራር ጋር ታስራ ቆማለች፤ ጀርባዋ ላይ ዘንባባ ተጭኗል። ባዬ ቀድሞታል! ዘንባባው ደግሞ ረጅም፣ ለምለም ነው፤ ገብረየስ በአሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ቆርጦ አያውቅም። ዓይኑ ደም መሰለ። ጭነቱን ፈትቶ ወደ ትከሻው ማውጣት ጀመረ።

«ጋሼ፣ የሰው ነው» አለ ማቴዎስ።

«የእግዚአብሔር ነው! ማንም ቢያደርሰው ምን ልዩነት አለው?»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከወንዙ ጩኸት ተሰማ። ባዬ አንድ እቅፍ ልጨምር ብሎ ሲሻገር ደራሽ ውሃ መጥቶበት፣ መሀል ወንዝ ላይ ድንጋይ አቅፎ ቆሟል። ውሃው ደረቱ ደርሷል።

«ጋሽ ገብረየስ! ያድኑኝ!»

ገብረየስ ቆሞ አየው። «እስቲ አሁን ማን ይረፍ!» የሚል ሐሳብ ሽው አለበት። እውነቱን እንናገር፣ ደስም አለው።

«ጋሼ፣ ቅድም ታንኳዋ ላይ ትርጉሙን ምን ነበር ያሉኝ?» አለ ማቴዎስ።

የገብረየስ ፊት በእፍረት ጋለ። «ገመዱን አምጣ!» ብሎ ጮኸ። የታንኳዋን ገመድ ከአህያዋ መጫኛ ጋር ቀጠለው፤ አልደረሰም። ያን የሚያስቀና ዘንባባ እየሰነጠቀ፣ ሦስት ሦስቱን ጎንጉኖ ቀጠለበት። ጫፉ ላይ ድንጋይ አስሮ ወረወረ። ውሃው ወሰደው። ጎትቶ እንደገና ወረወረ፤ ባዬ ያዘው። ሁለቱ ሰዎችና አህያዋ ሳቡ። ጉንጉኑ ተንጣጣ፣ አልተበጠሰም።

ባዬ ዳር ላይ ተዘርሮ ውሃ ተፋ።

«እርስዎ... እዚህ ምን ሊሠሩ መጡ?»

«ቀንቼብህ ነው። ልቀድምህ፤ ከዚያም ልሰርቅህ።»

ባዬ እያሳለ ሳቀ። «ለካ ‹ምቀኛ አታሳጣኝ› የሚባለው ለዚህ ነው!»

መቅዘፊያ ስለሌላቸው ታንኳዋን ደንገሉ ውስጥ ደብቀው፣ የተረፈውን ዘንባባ ጭነው ሐይቁን በእግር ዞሩ። ከተማ ሲገቡ ሰዓት እላፊው ሊጀምር ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ሆሳዕና ጠዋት፣ ዘንባባው ጥቂት ስለሆነ ገብረየስ ደጀ ሰላሙ ላይ ቁጭ ብሎ በቀጭኑ ይሰነጥቃል፤ ለሁሉም የጣት ቀለበት ይዳረስ ብሎ ነው። ቀለበታቸውን ሊቀበሉ የመጡት ወይዘሮ ብዙነሽ አጠገቡ ቆሙ።

«ዘንድሮስ ማን አመጣው?»

መልሱ እንደ ኮሶ መረረው። ቅናት በአንድ ቀን አይለቅም።

«ባዬ ነው» አለ።

ባዬ ሰማና ጎንበስ ብሎ፣ ራሱ የጎነጎነውን የተንጋደደ ቀለበት ጣቱ ላይ አጠለቀለት። ገብረየስ ቀለበቱን አገላብጦ አየው።

«ጉንጉን አታውቅበትም» አለ፤ ፈታውና ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። «ተቀመጥ፣ ላሳይህ።»