የጎደሉት ሃያ ክኒኖች

ሽማግሌው የሞቱት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ሌላ ባዶ ወንበር ከፊታቸው ቀርቧል፤ እንግዳ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

ባልደረቦቿ «ወይዘሪት ለምን» እያሉ የሚቀልዱባት መርማሪ በሦስተኛው ቀን ስትመጣ የሐኪሙን ውጤት ይዛለች። ሰውየውን የገደላቸው የገዛ የልብ ክኒናቸው ነው፤ ከልክ በላይ ወስደዋል።

«ምኑ ይመረመራል!» አለች ልጃቸው፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ። «ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። ማታ ማታ ከአባባ ክፍል የምትወጣው እሷ ናት። ዛሬውኑ ትታሰርልኝ!»

መርማሪዋ የክኒኑን ብልቃጥ አነሳች። ክዳኑ ሕፃናት እንዳይከፍቱት ተብሎ የተሠራ፣ ተጭነው ካላዞሩት የማይከፈት ነው። እሷ ራሷ ሁለቴ ታግላ ከፈተችው። ሲገዛ ስልሳ ፍሬ ነበረበት፤ ሲሞቱ ከተጀመረ አሥር ቀኑ ነው። በቀን አንድ ከሆነ ሃምሳ መቅረት ነበረበት። ቆጠረችው። ሠላሳ!

«እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር?»

«ሻይ እንኳ ሳያፈስ አይጠጣም።»

እንግዲያው ብልቃጡን የከፈተላቸው ሌላ ሰው ነው። መርማሪዋ ወደ ልብስ ሰፊዋ ክፍል ሄደች።

«ለምን ማታ ማታ ይገቡ ነበር?»

«ክኒናቸውን ልሰጥ። አንዲት ብቻ! ምን በወጣኝ እጨምራለሁ?»

«ለምን እርስዎ?»

«‹ዛሬ ማንም አልሰጠኝም› ይሉኛላ! ክኒኗን ይዘው ወሬ ይጀምራሉ፤ እስኪውጧት ግማሽ ሰዓት። ሰሞኑን ግን ምግብ እምቢ አሉ። ‹ግድግዳው ቢጫ ሆነብኝ› ሲሉኝ፣ ‹ቀለም ያስቀቡታ!› ብዬ ቀለድኩባቸው። ምላሴን በቆረጠው!»

ተከራዩ ፀጉር አስተካካይም አላንገራገረም። «ጋሼ ይረሳሉ መሰለኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ስል ‹ዛሬ ማንም አልሰጠኝም› ይሉኛል፤ አንድ እሰጣቸዋለሁ። ሲያስመልሳቸው እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ይረሳሉ? መርማሪዋ ተመልሳ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ደብተር ገለጠች። ቆማ ብዙ አነበበች። ከዚያ ሦስቱንም ጠርታ ሽማግሌው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«አንቺስ ጠዋት ክኒን ትሰጫቸው ነበር?» አለቻት ልጃቸውን።

«በየቀኑ! ‹ማንም አልሰጠኝም› ሲለኝ...» ሦስቱ ተያዩ።

«አንድ ጠዋት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ማታ። በአሥር ቀን ሠላሳ። ማናችሁም ገዳይ አይደላችሁም፤ ግን አንዳችሁም ሌላውን አልጠየቃችሁም። ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ ‹ሰጥቻለሁ› ብላችሁ ብትፈርሙ ይበቃ ነበር። ማስመለሱና ሁሉን ቢጫ አድርጎ ማየቱ ይህ ክኒን ሲበዛ የሚመጣ ምልክት ነው፤ ያኔ ብልቃጡን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ብትሮጡ፣ ምናልባት ይተርፉ ነበር።»

«እሳቸውም እኮ ረስተው ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አልረሱም። ዕድሜ ልካቸውን መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ የሚመጣውን ሁሉ ይመዘግባሉ።» ደብተሩን አነበበችላቸው። «ክኒኑ ሳይመጣ፦ ‹ልጄ፣ ሁለት ደቂቃ። ተከራዩ፣ ከበር ላይ ሰላምታ። ጎረቤት፣ አልመጣችም።› ክኒኑ ከመጣ በኋላ፦ ‹ልጄ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። ተከራዩ፣ ሃያ። ጎረቤት፣ ግማሽ ሰዓት።› ክኒን ሲበዛ መርዝ እንደሚሆን አላወቁም። ያወቁት፣ ክኒን ሲጠይቁ ሰው አብሯቸው እንደሚቀመጥ ነው።»

መርማሪዋ ደብተሩን ዘጋችው። እሷም ቤቷ ስትገባ «እንዴት ዋልሽ?» የሚላት የለም።

ልጃቸው ልብስ ሰፊዋን ቀና ብላ ማየት አቃታት። «ይቅር ይበሉኝ» አለች በመጨረሻ፤ ባዶው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ። «ብልቃጡን ያመጣሁለት ዕለት፣ አባባ ‹ትንሽ ቁጭ በይልኝ› ብሎኝ ነበር። ‹ቸኩያለሁ› አልኩት። ክኒኑን ስጪኝ ያለኝ በማግስቱ ነው።»