እንግዳችንና ጨረሩ

«ስልኬን አይተሽዋል?» አለች እናቷ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ።

«አላየሁትም፣ እማዬ!»

ስልኩ ልጅቷ እጅ ላይ ነው። በረንዳው ላይ ቆማ ፍላይት ሞድ ላይ አደረገችውና ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

እውነቱን ለመናገር ልጅቷ ቀጣፊ አይደለችም። ሰሞኑን ግን አመሻሽ በመጣ ቁጥር ስልኩን ትዘጋና ሰዓቱ ሲያልፍ መልሳ ከፍታ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ሰዓቱ አባቷ የሚደውልበት ነው። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ አመሻሽ ላይ ቆም ብሎ ይደውላል፣ ከዚያ ኔትወርክ የሚባል ነገር የማያውቅ በረሃ ውስጥ ይገባል። ሲደውል እናቷ ስፒከሩን ከፍታ ስልኩን ሆዷ ላይ ታስቀምጠዋለች። «እንግዳችን እንዴት አመሸ?» ይላል። እንግዳው ገና ያልተወለደው ልጅ ነው። ሲራገጥላቸው ሦስቱም በሳቅ ይፈርሳሉ።

ያ ሁሉ ሳቅ በአንድ ቪዲዮ ምክንያት ገደል ገባ። ያሳየቻት ክፍል ውስጥ አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ናት።

«ፍሬንድ፣ አልሰማሽም እንዴ? የስልክ ጨረር እኮ ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ አይምርም!»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ ምን አውቄ? ሁሉም እየተላላከው ነው።»

ቪዲዮው ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ ጣቱን ይቀስራል፤ ማን እንደሆነ እንኳን አይናገርም። ልጅቷን ግን ጆሮዋን ጭው አደረጋት። አምናም እናቷ አርግዛ ነበር። ያኔ ከትምህርት ቤት በመጣች ቁጥር ስልኩን የእናቷ ሆድ ላይ አድርጋ ለሕፃኑ ዘፈን የምትከፍትለት እሷ ነበረች። ሕፃኑ በሕይወት አልተወለደም።

ወደ ውስጥ ስትገባ የስፌት መኪናው ድምፅ ጠፍቷል። እናቷ ሰፍታ ያልጨረሰችውን ዩኒፎርም ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች።

«አንድ ነገር ሆኖ ነው» አለች። «እሱ እንዲህ ጨክኖ ዝም አይልም።»

«ምንም አይሆንም፣ እማዬ...»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ!» ብላ ጮኸችባት። ወዲያው ደግሞ ድምፅዋ ለሰለሰ። «ይቅር በይኝ የኔ ቆንጆ፣ ሆድ ብሶኝ ነው።»

ልጅቷ ኪሷ ውስጥ ያለውን ስልክ ጨበጠችው። ብትሰጣት ለእንግዳው ትፈራለች፤ ብትደብቅባት እናቷ በሐሳብ ልታልቅባት ነው። አጣብቂኝ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ስልኩን አወጣችው።

«አባዬ ደህና ነው። ስልኩን የምዘጋብሽ እኔ ነኝ።»

እናቷ አፏን ከፍታ አየቻት። «ለምን?»

«ጨረሩ...» አለች፤ እንባዋ ቀደማት። «አምናም ሆድሽ ላይ የማደርገው እኔ ነበርኩ። ሕፃኑን እኔ ነኝ የገደልኩት።»

እናቷ ስትነሳ ልጅቷ ጥፊ የመጣ መስሏት ዓይኗን ጨፈነች። የመጣው ግን እቅፍ ነው።

«ወይኔ ልጄን! ይሄን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽ ነው የምትዞሪው? ስሚኝ፤ የሕፃኑ ልብ ከመጀመሪያውም ደካማ እንደነበር ሐኪሙ ነግሮኛል። ልጅ ናት ብዬ ሳልነግርሽ ቀረሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም።»

«ስልኩስ?»

«የምትፈሪው አንቺ ብቻ መሰልሽ? አዋላጇን ጠይቄአታለሁ። ‹እስካሁን የተረጋገጠ ጉዳት የለም፤ ካሳሰበሽ ግን ራቅ አድርገሽ አውሪበት› አለችኝ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ደግሞ አባትሽ ሲያወራ መንገድ ማዶ ያለው ሰውም ይሰማዋል!»

እንባና ሳቅ ተቀላቀለባቸው። ልጅቷ ፍላይት ሞዱን አጠፋችው። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጠራ፤ አባቷ ነው።

«ምነው እናንተ ሰዎች፣ ልታሳብዱኝ ነው እንዴ? ዛሬስ ድምፃችሁን ሳልሰማ ንቅንቅ አልልም ብዬ ቁጭ ብያለሁ!»

«ደህና ነን፣ ደህና ነን» አለች እናቷ። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «የት እናድርገው? አንቺ ወስኚ።»

ልጅቷ ሆዱንም ስልኩንም አየች። ስፒከሩን ከፍታ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ጆሮዋን እናቷ ሆድ ላይ ለጠፈች።

«አባዬ፣ ጮክ ብለህ አውራ» አለች። «እኔና እንግዳው አንድ ላይ እየሰማንህ ነው።»