የረግረጉ ወንበር

ቃለ ጉባኤው ተነቦ ሲያልቅ እስክሪብቶው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እሷ ጋ ደረሰ። ስምንት ሰዎች ፈርመዋል። የቀረው የረግረጉ ፊርማ ብቻ ነው።

ቀጭኔ ይሏታል ጓደኞቿ፣ ቁመቷን አይተው። አሁን የተቀመጠችበትን ወንበር የሰፈሩ ምክር ቤት ለረግረጉ የሰጠው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ያኔ የረግረጉ ግማሽ በአፈር ተደፍኖ ነበርና ዝናቡ ሲመጣ ውሃው መሄጃ አጥቶ በየቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ረግረጉም እንደ ማንኛውም አባል አንድ ድምፅ አለው። ድምፁን የሚያደርስለት በየዓመቱ በዕጣ የሚወጣ ተማሪ ነው፤ የዘንድሮው ዕጣ ለእሷ ወጣ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ከስብሰባው በፊት ውሃው ዳር አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን መጻፍ።

ባለፈው ወር ቀጭኔ አልተቀመጠችም። ሬዲዮ የሚሏት አፏ የማይዘጋ ጓደኛዋ አዲስ ፊልም አምጥታ ነበር።

«አታካብጂው ባክሽ! እንቁራሪት ምን ትላለች ብለሽ ነው? ቋ ቋ ብለሽ ጻፊና ገላግይን» አለቻት።

በሳቅ ፈረሱ። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ቀጭኔ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ «ጸጥ ብሎ ነበር፤ ምንም አልሰማሁም» ብላ ጻፈች። ማንንም የሚጎዳ አልመሰላትም።

በዚያው ወር ስብሰባ ላይ የቀረውን ረግረግ ደፍኖ የገበያ አዳራሽ ለመሥራት አራት ሰው ደገፈ፣ አራት ሰው ተቃወመ። ሊቀመንበሩ ደብተሯን አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ረግረጉ አልተቃወመም» አሉ። በዚያው ውሳኔው ጸደቀ። መናገር ፈልጋ ነበር፤ ግን ደብተሯን ተቀብላ ዘጋችው።

ፊርማው እስኪሟላ ተብሎ ዳር ዳሩ ላይ ጥቂት አፈር መደፋት ተጀመረ። በሳምንቱ እንቁራሪቶቹ እውነትም ዝም አሉ።

«እፎይ! ዛሬስ ጆሯችን አረፈ» አለ አባቷ ራት ላይ። አባቷ የገልባጭ መኪና ሹፌር ነው። ስድስት ወር ያለ ሥራ ቤት ከዋለ በኋላ ያገኘው ሥራ ይህንኑ አፈር ማመላለስ ነው፤ ሰሞኑን ፊቱ ፈክቷል። ቀጭኔ ግን ሳህኗን ገፋ አደረገች። ፈጥራ የጻፈችው ዝምታ ነፍስ ዘርቶ እቤቷ ድረስ የተከተላት መሰላት። ክፍል ውስጥ ትሰማዋለች፣ ፊቷን ስትታጠብም ትሰማዋለች። ፈራች። ለሬዲዮ እንኳ መንገር አቃታት።

«ፈርሚ እንጂ የኔ ልጅ» አሉ አሁን ሊቀመንበሩ። «አባትሽም ውጭ ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀ ነው።»

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው።

«ያን ቀን አልሄድኩም» አለች።

«የት ነው ያልሄድሽው?»

«ረግረጉ ጋ። ጓደኛዬ ቤት ፊልም እያየሁ ነበር። ምንም ያልሰማሁት እዚያ ስላልነበርኩ ነው።»

ከተቃወሙት አንዷ የሆኑት ፋርማሲስት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ታዲያ በረግረጉ ስም የተናገረው ማነው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እኔ ነኝ።» አፍራ አንገቷን ደፋች። «አንድ ሰዓት ስጡኝ።»

ሊቀመንበሩ በረጅሙ ተነፈሱና ቃለ ጉባኤውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ሂጂ። እንጠብቅሻለን።»

ገልባጩ አፈር እንደተሸከመ ረግረጉ አፋፍ ላይ ቆሞ ያጓራል። አባቷ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ጨረስሽ?»

«ገና አልጀመርኩም።» ዓይኑን ማየት ከበዳት። «አባዬ፣ ውሸት ጽፌ ነበር። አሁን እውነቱን ልጽፍ ነው። ሥራህ ሊቀር ይችላል።»

አባቷ ፊት ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየች።

«ሞተሩን አጥፋልኝ፤ መስማት አለብኝ» አለችው።

ቁልፉን አዙሮ አጠፋው።

ጭቃው ላይ ተቀመጠችና ሰዓቱን ከገጹ አናት ላይ ጻፈች። አንድም እንቁራሪት አይሰማም። «ዝም ብለዋል» ብላ ጀመረች። «ዳሩ ላይ አዲስ አፈር ተደፍቷል።» አፈሩ ላይ ያለው የጎማ ዱካ የማን እንደሆነ ታውቃለች። እሱንም ጻፈችው።