በሬሳ ላይ የተሰፋ እጅጌ

ዶና ሌዎካዲያ ሞተው የተገኙት ዓርብ ጠዋት፣ ከስፌት መኪናቸው እግር ሥር ነው። ሐኪሙ ገብቶ አየና «ወድቀው የመኪናው ብረት ማጅራታቸውን መትቷቸዋል» ብሎ ወጣ፤ ሰባ አንድ ዓመት ለሞላቸው ሴት ይህ ብዙ የሚያስጠይቅ ሞት አይደለም። ሬሳውን ለማጠብ የገባችው ጎረቤታቸው ኪቴሪያ ግን ሩብ ሰዓት ሳትቆይ መቀስ በእጇ እንደያዘች ወጣችና ፖሊስ ጥሩልኝ አለች። ኪቴሪያ አፏ የማያርፍ ሴት ናት፤ መንደራችን ፔድራ ሚውዳ ውስጥ ያላማችው ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። ያን ዕለት ግን ምን አየሽ ብለን ብንከባት ዝም አለች።

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተር ዤርቫዚዮ በፖሊስ ጂፕ ከአውራጃው ከተማ መጣ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የሸሚዙ አንገትጌ ሲያልቅ ተተርትሮ፣ ተገልብጦ እንደገና መሰፋቱን የእኛ ሴቶች ገና ከጂፑ ሲወርድ አዩ። የልብስ ሰፊ ልጅ ነው ተባባሉ፤ አልተሳሳቱም።

«ልብሱ አልወልቅ አለኝ፣ ልጄ» አለችው ኪቴሪያ። «ግራ ብብታቸው ላይ ተቀዶ ተሰፍቷል። ክሩ ቀሚሱን ከውስጥ ልብሳቸው ጋር አብሮ ይዞታል። ቀድጄ ነው ያወጣሁት።»

«ራሳቸው እንደለበሱት ጠግነውት ቢሆንስ፣ እትዬ ኪቴሪያ?»

«እሳቸው? ምነው ልጄ፣ እናትህ ምንም አላስተማረችህም?»

አስተምራዋለች፤ ከሰው አፍ መስማት ፈልጎ ነው። በእኛ ዘንድ ልብስ በሰው ገላ ላይ አይሰፋም፤ ለብሶ የሚሰፋለት ሬሳ ብቻ ነው። የግድ ከሆነ እንኳ ለባሹ ክር በጥርሱ ነክሶ «ሕያው ነኝ» ማለት አለበት። ዶና ሌዎካዲያ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር። አንዴ የአንዲት ሙሽራ ቁልፍ ቢረግፍ፣ ቄሱና ሙሽራው እየጠበቁ፣ ልጅቷን ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ወስደው ቀሚሷን አስወልቀው ነው የሰፉላት።

«እንግዲያው የሰፋላቸው ሰው አለ» አለ ዤርቫዚዮ። «የሰፋላቸውም ከሞቱ በኋላ ነው።»

ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘችው አብራቸው የምትኖረው ምራታቸው ኢራሴማ ናት። እህቷ ቤት አድራ ስትመለስ እንዴት ተኝተው እንዳገኘቻቸው ጠየቃት። ቀሚሳቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ተስቦ፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ ተጣምሮ ነበር አለችው። ዤርቫዚዮ ይህን በደብተሩ ጻፈ፤ የወደቀ ሰው እንዲህ ተሰብስቦ አይተኛም። ከቤቱ የጠፋ ነገርም የለም።

ጠረጴዛው ላይ አንድ የእራፊ አልጋ ልብስ ተዘርግቷል። አርባ ዓመት ሙሉ ሴቶቻችን ማክሰኞ ማክሰኞ በዚህ ክፍል እየተሰበሰቡ፣ ለእያንዳንዷ ሙሽራ ከየቤታቸው አሮጌ ልብስ እየቀደዱ እንዲህ ያለ አልጋ ልብስ ይሰፋሉ። የተገዛ ጨርቅ አይገባበትም። ይኼኛው የማሪልዳ ነው። ማሪልዳ የኦንዲና አንድ ልጅ ናት፤ ኦንዲና ደግሞ ባሏ የሞተባት፣ በሰው ቤት ልብስ አጥባ የምታድር ሴት ናት። ዶና ሌዎካዲያ ልጅቷን ክርስትና አንስተዋታል፤ ለኦንዲና አበልጇ ነበሩ። ሠርጉ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ሙሽራው የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ልጅ ኦስቫልዶ ነው። እናቱ የደሃ ልጅ ለልጄ ብላ ማኩረፏን፣ ሠርጉን የምታፈርስበት ሰበብ እየፈለገች መሆኗን የማያውቅ አልነበረም።

ዤርቫዚዮ አልጋ ልብሱን ገልብጦ ጀርባውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ መሐል አካባቢ ጣቱ ቆመ። ቡናማ አበባ ያለበት አንድ እራፊ በክር ቋጠሮ ተጀምሮ ተሰፍቷል። በስፌቱ ጠርዝ ውስጥ ከሌላ እራፊ የተቆረጠ ሰማያዊ ክር ቀርቷል።

ኢራሴማን ለብቻዋ አስቀምጦ ስለ አማቷ ጠየቃት። ቤቱን ሸጠን ከተማ እንግባ ብላ ረቡዕ ዕለት መጨቃጨቃቸውን አልደበቀችም።

«ጠላኋቸው አልልም» አለች። «ግን ዐሥር ዓመት ሙሉ ስፌቴን ሲተረትሩብኝ ኖረዋል። በቋጠሮ የተጀመረ ስፌት አይወዱም። የተኛ ሰው ገላ ይቆረቁራል ይሉ ነበር። እሳቸው ክሩን ሁለቴ መላልሰው ነው የሚጀምሩት።»

«ይህን ቡናማ እራፊ እሳቸው አልሰፉትም ማለት ነው።»

ኢራሴማ እራፊውን አይታ ፊቷን አዞረች።

ኪቴሪያ ስትጠየቅ ቡናማው የኩሽናዋ መጋረጃ መሆኑን፣ ሐሙስ ከሰዓት ለሌላ ሥራ ብላ ማምጣቷን አልካደችም። አልጋ ልብሱ ግን ማክሰኞ አልቆ ነበር። ታዲያ እዚያ ቦታ በፊት ምን ነበረ?

«እኔ እንጃ፣ አላስታውስም» አለች።

ይቺ ሴት ሐያ ዓመት ባለፈው ክርስትና ላይ ማን ምን እንደለበሰ ከነአዝራሩ የምትናገር ናት። ኢራሴማም ያንኑ መለሰች። ኦንዲና ደግሞ ከሳሙና ብዛት የተሰነጣጠቁ እጆቿን እያየች፣ ሰማያዊ ጨርቅ ስንት አለ ጌታዬ፣ ማን ይለየዋል አለች። ሐሙስ ሊመሽ ሲል የት ነበራችሁ ሲላቸውም ሦስቱም ጸሎት ላይ ነበርን አሉ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ግን ኦንዲና ጸሎቱ ሊያልቅ ሲል እንደገባች ነገረው።

ዤርቫዚዮ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲጋራ አጨሰ። ኪቴሪያና ኢራሴማ በዓይን አይተያዩም፤ ሆኖም አንድ ነገር ተካፍለው ይደብቃሉ። ሰው በፍርሃት ሲዋሽ ብዙ ያወራል። እነዚህ ዝም ነው ያሉት፤ ያፈሩት ለሌላ ሰው ነው። ይህን ሲረዳ ቢበቃው ደግ ነበር።

ቅዳሜ፣ ቀብሩ እንዳለቀ፣ ሦስቱን ሴቶች ስፌት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበ። ማሪልዳም ትጠራ አለ።

«ልጅቷን ተዋት፣ ልጄ» አለች ኪቴሪያ። «እሷ ምን ታውቃለች?»

አልሰማትም። ማሪልዳ ክርስትና እናቷን አልቅሳ ዓይኗ እንዳበጠ መጥታ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ከመስኮቱ ሥር ነበር። እኔም ነበርኩ፤ አልዋሽም።

«እጅጌያቸው የተሰፋው ሞተው ነው» ብሎ ጀመረ ዤርቫዚዮ። «ሲሞቱ ሰው አብሯቸው ነበር ማለት ነው። እጅጌ ብብቱ ላይ የሚቀደደው ሲጎተት ነው፤ ስለዚህ ያ ሰው ጎትቷቸዋል። መጋረጃው ሐሙስ ከሰዓት ነው የመጣው፤ በማግስቱ ደግሞ አልጋ ልብሱ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። የሁለቱም ስፌት በቋጠሮ የተጀመረ፣ የአንድ እጅ ሥራ ነው። እንግዲህ ያ ሰው የመጣው አንድ ሰማያዊ እራፊ ሊያወጣ ነው። ለገንዘብ አልመጣም፣ በቂምም አልመጣም። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰማያዊው የማን ነበር?»

ኦንዲና ተነሣች።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው። ይጻፉት። ሌላ አይጠይቁ።»

ማሪልዳ እናቷን ቀና ብላ አየቻት፤ የሰማችው ገና አልገባትም።

«በቃ እኮ አለችህ» አለች ኪቴሪያ።

በቃኝ ማለት ነበረበት። የፈለገውን ሰው አግኝቷል፤ ሕጉ ከዚህ በላይ አይጠይቀውም። ግን ነገሩን እስከ ጫፉ ካልፈታ የማይተኛ ሰው ነው፤ ብልህ ነኝ ማለት አንዳንዴ እንዲህ ያዋርዳል። ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ሰማያዊው ያንቺ ነበር?»

«አዎ» አለች ማሪልዳ፣ ግራ ተጋብታ። «ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቀሚሴ ነው። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ እማዬ ነች የሰፋችልኝ። ኦስቫልዶ መጀመሪያ ያየኝ እሱን ለብሼ ነው። ክርኑ ሲያልቅ ቀድጄ ማክሰኞ አመጣሁት። እማዬ አሟት ቀርታ ነበር፣ አልነገርኳትም።»

«ከምን ጨርቅ ሰፋችልሽ?»

«ከአሮጌ ልብስ።»

«ከማን አሮጌ ልብስ?»

ኪቴሪያ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ኦንዲና መናገር የጀመረችው ያኔ ነው፤ ድምፅዋ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ከመስኮቱ ሥር ያለነው አንገታችንን አስረዘምን።

የኦንዲና እናት ዶና አልሚራ የመቀበሪያ ቀሚሳቸውን በሕይወት ሳሉ አሰፍተው ዐሥራ አንድ ዓመት ሣጥን ውስጥ አኑረውት ነበር። የሰፉላቸው ዶና ሌዎካዲያ ናቸው፣ ኪቴሪያም ጠርዙን ዘምዝማላቸዋለች፤ ኢራሴማም ኋላ ከሣጥን ወጥቶ ሲናፈስ አይታዋለች። አሮጊቷ ሲሞቱ ማሪልዳ ከቤት የምትወጣበት ልብስ አልነበራትም። ኦንዲና ሬሳውን ለብቻዋ ገነዘች፤ ሰማያዊውን ቀሚስ አስቀርታ ሌላ አለበሰቻቸው። በሠፈሩ ፊት እንዳይታወቅባት ፈትታ ጨርቁን ገለበጠችው፣ አሳጠረችው፣ አንገቱን ለወጠች። እራፊ ሆኖ ደህናው ፊቱ ሲገለጥ ግን የሚያውቅ ዓይን ጨርቅ አይረሳም። ኪቴሪያና ኢራሴማ ማክሰኞ ዕለት ለይተውት ውጠውት ነበር። ዶና ሌዎካዲያ ዓይናቸው ደክሟል፤ እሳቸው ያወቁት ሐሙስ፣ በቀን ብርሃን ሲተኩሱት ነው። ኦንዲና ያለቀውን አልጋ ልብስ ለማየት ስትመጣ፣ ነገ ለቄሱ ነግሬ መቃብሩ ይከፈታል፣ አልሚራም ልብሳቸውን ይለብሳሉ አሏት። ኦንዲና ልጄ ትዳር ትያዝ፣ ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ እነግራለሁ ብላ ለመነቻቸው። ዶና ሌዎካዲያ ለጸሎት ወደ በሩ ሲሄዱ እጅጌያቸውን ያዘች። መነጨቋት፤ ተቀደደ፤ ወደ ኋላ ወደቁ።

«ልጠራ ነበር» አለች። «መተንፈስ አቁመው ነበር። አበልጄ እጅጌያቸው ተቀዶ ሰው እንዲያያቸው አልፈለግኩም። ልብስ የተቀደደበት ሰው አይተው አያልፉም ነበር። እሳቸውን ሰፍቼ፣ ያንን ሰማያዊ ተርትሬ መጋረጃውን ሰፍቼበት ወጣሁ።»

ኢራሴማ አለቀሰች። ማሪልዳ አላለቀሰችም። ግንባሯን ቋጥራ እንደ ሕፃን ታስብ ነበር።

«እማዬ» አለች። «አያቴ ታዲያ ምን ለብሰው ነው ያሉት?»

ዤርቫዚዮ ያኔ ነው እጁን ያነሣው፤ አይመልሱ፣ አያስፈልግም ሊል። ዘግይቷል።

«የዱቄት ጆንያ» አለች ኦንዲና። «ቀድጄ የሰፋሁት። ጽሑፉ አልለቀቀም ነበር። በአበባ ሸፈንኩት።»

ዤርቫዚዮ ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልጻፈም። አንድም ነገር አልተሳሳተም፤ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው አጣ። ኦንዲና እጇን ለካቴና ዘርግታ ሰጠችው።

«አንድ ነገር ልለምንዎት፣ ጌታዬ» አለችው። «በጓሮ በኩል ያውጡኝ።»

«እሺ» አለ። ካቴናውንም ከኪሱ አላወጣም።

ወደ ጓሮው በር ሊመራት ሲል ማሪልዳ ተነሥታ የእናቷን ክንድ ያዘች። አዙራት በክፍሉ መሐል፣ በአልጋ ልብሱ አጠገብ አሳልፋ በፊት ለፊቱ በር ይዛት ወጣች። መንገዱ ላይ ሞልተን ነበር፤ የኦስቫልዶ እናት ከማዶ ቆማለች፣ ኦስቫልዶም አጠገቧ። ማሪልዳ ቀና ብላ አንድ በአንድ እያየችን ደረጃውን ወረደች። መሬት መሬት ያየነው እኛ ነን።