ሀብተ ሚካኤል ያላነደደው ምድጃ

ነጋዴው ሸሀቡ ደባርቅ ገበያ ዳር ባለው ቤቱ፣ አልጋው ላይ እንደተጋደመ ሞቶ ተገኘ። ሰውነቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ የመስኮቱ ሽንቁር ግን በወንድሙ በፈሀድ የአንገት ልብስ ተወትፏል። ለሰፈሩ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነበርና ፈሀድ ወዲያው ታሰረ።

እስሩን ያፋጠነው የሬዲዮ ጋዜጠኛው ሀብተ ሚካኤል ነው። ስለ ቴክኖሎጂና ንግድ እየዘገበ ስሙን የተከለ፣ ለሥራ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው። ሸሀቡ በሞተበት ምሽት እራት ጋብዞት ነበር። «ስገባ ወንድማማቾቹ ይጨቃጨቁ ነበር» ብሎ ቃሉን ሰጠ። አልዋሸም። ሆዱ ውስጥ ያስቀራት አንዲት ነገር ግን ነበረች፤ እሷን ባሰበ ቁጥር ፊቱ በሀፍረት ይግላል።

ኢንስፔክተር ሐመልማል ሰው ባለው የምትነዳ ሴት አልነበረችም። ከቀብር መልስ ፈሀድንና ሀብተ ሚካኤልን፣ እንዲሁም እናቷን ልትጠይቅ ዳባት ሰንብታ የነበረችውን የሟቹን ሚስት ዚነትን፣ ሸሀቡ በሞተበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«የአንገት ልብሱ ያንተ ነው?» አለችው ፈሀድን።

«የኔ ነው። ብርድ ሲለው አዋስኩት።»

«አምንሃለሁ። ሽንቁሩ ከውጭ በሽቦ ወንፊት ተሸፍኗል፤ ሽቦው አልተነካም። ስለዚህ የተወተፈው ከውስጥ ነው። በሩም ከውስጥ ተቀርቅሯል። የወተፈው ራሱ ሸሀቡ ነው። ሐኪሙ ደግሞ የገደለው የከሰል ጋዝ ነው ብሏል።» ጥግ ላይ ወደተቀመጠው አዲስ ምድጃ ጠቆመች። «የከሰል ጋዝ እንደሚገድል እዚህ አገር ሕፃንም ያውቃል። ታዲያ ይህኛው አይጎዳም ብሎ ሸሀቡን ማን አሳመነው? በምን ነበር የተጨቃጨቃችሁት?»

ፈሀድ አቀረቀረ። «እሳት ይዘህ አትተኛ አልኩት። ‹ሀብተ ሚካኤል በተዘጋ መኝታ ቤቱ እያነደደ ሞክሮታል፤ በሬዲዮ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ› አለኝ። ልጅ አይደል ብዬ ተውኩት። ምነው ባልተውኩት።»

ሐመልማል ወደ ጋዜጠኛው ዞረች። «ጭቅጭቁን ሰምተው ስምዎን አልሰሙም?»

ሀብተ ሚካኤል ፊቱን ከምድጃው አዞረ።

«በሩን ከፍተነዋል። እስኪ ምድጃውን ያንድዱልን።»

ሀብተ ሚካኤል ተንበረከከ። ክዳኑን ሳበው፣ አዞረው፣ ገፋው። እምቢ አለው። ላብ አሰመጠው። ዚነት ቀስ ብላ መጣችና ከሥር ያለውን የአመድ መሳቢያ ሳበች፤ ክዳኑ በራሱ ተከፈተ። አንድ ቀን ያነደደ ሰው ይህን አይስተውም።

«ምድጃውን የሚሸጠው ኩባንያ የላከልኝን ነበር ያነበብኩት» አለ። «‹ሞክሬዋለሁ› የምትለዋን ግን ከራሴ ጨመርኩ። ፕሮግራሙ እንዲያምር።» መጋለጡ አልነበረም ያሳፈረው። ፈሀድ በካቴና ታስሮ ወንድሙን ሲቀብር እሱ ሆቴሉ ምሳ በልቷል።

«ፈሀድን ይፍቱልኝ» አለች ዚነት ለኢንስፔክተሯ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «እርስዎ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ይቀመጡ። ‹ሸሀቡ በምን ሞተ?› ላለ ሁሉ የሚመልሱት እርስዎ ነዎት።»

ድንኳኑ ውስጥ መጀመሪያ አጠገቡ የተቀመጡት አዛውንት ድምፁን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«የሬዲዮው ልጅ አይደለህ? ያንተን ሰምቼ እኔም ምድጃውን ለልጅ ልጆቼ ገዛሁላቸው። እሱን እየሞቁ ነው የሚያድሩት። አላህ ይስጥህ፣ ልጄ።» እጁን ይዘው ሳሙት።

«አባቴ፣ አሁኑኑ ያስወጡት» አለ ሀብተ ሚካኤል። «ዋሽቼ ነው። አንድም ቀን አንድጄው አላውቅም።»

አዛውንቱ እጁን ለቀው፣ ሳይሰናበቱ እየሮጡ ወጡ።