ከሄዱት ጋር የተቆጠረችው

መቅደላዊትን ያገኟት ከአፋፍ ጊዮርጊስ ቀበሌ ገደል ሥር፣ ቋጥኝ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ነው። ከሰው በፊት ጅብ ደርሶባት ስለነበር አንድ እጇ የለም። ልጅቷ የአጅባር መምህርት ነበረች፤ ለሙከራ የሕዝብ ቆጠራ ተቀጥራ ቤት ለቤት ስትዞር ሰንብታለች። ታብሌቷ ከጎኗ ተሰባብሮ ወድቋል።

«ጉሙ አሳስቷት ነው» አሉ መንደርተኞቹ። «እግሯ ከድቷት ነው።»

ከመካነ ሰላም የመጣችው ኢንስፔክተር ኡምኩልሱም አጭር፣ ጎልማሳ ሴት ናት። ሰው ሲያናግራት ዓይኗን ስለምትከድን እንቅልፍ የወሰዳት ትመስላለች፤ ብዙ ሰው በዚህ ተታሎ ከሚገባው በላይ አውርቷል። ሬሳው እግር ሥር ቁጢጥ አለችና ረዳቷን ሳጅን አወቀን ጠራችው።

«ጫማዋን እየው። ሶሉ ላይ ምን አለ?»

«የመንደሩ ጥቁር አፈር።»

«ከላይ አፋፉ ላይስ?»

«ቀይ ጭቃ ነው። እኔም አዳልጦኝ ነበር።»

«ቀዩ የት ነው ያለው?»

አወቀ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀዩ ጭቃ የተለጠፈው የተረከዟ ጀርባ ላይ ብቻ ነበር።

«በእግሯ አልመጣችም» አለ ቀስ ብሎ።

«ተጎትታ ነው» አለች ኡምኩልሱም። «ሸፍኗት።»

መጀመሪያ ያናገረችው የቀበሌውን ሊቀመንበር አቶ ቸኮልን ነው። ከሟቿ ጋር በአደባባይ መጣላቱን ሁሉም ያውቃል።

«አልክድም» አለ ቸኮል። «ወጣቱ ፈልሶ አልቋል። ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ኮምቦልቻ፣ ግማሹ መተማ። እሷ ደግሞ ከስድስት ወር በላይ የራቀ ሰው እዚህ አይቆጠርም አለች። ቁጥራችን ከወረደ ጤና ኬላው ይዘጋል፣ ቀበሌው ከጎረቤት ይጠቃለላል። ‹እንዳሉ አድርገሽ ቁጠሪልን› ብዬ ለመንኳት። እምቢ አለች።»

«ስትሞት ችግሩ ይቃለልልዎት ነበር?»

«ምን ይቃለላል? እሷ ብትሞት ሌላ ይልካሉ። ሌላው ከእሷ የባሰ ግትር ይሆናል።»

ኡምኩልሱም መልሱን ወደደችው። ርኅራኄ የለውም፤ እውነት ግን ነው።

ሁለተኛው አለኸኝ ነበር፤ ቆጣሪዋን በየቤቱ የሚመራ ጎረምሳ። ሲመልስ እጁን ያፍተለትላል።

«ትናንት እስከ መጨረሻው አብሬያት ነበርኩ። ሼህ ሙጀሂድ ቤት ቆጥረን ስንወጣ ጉም ወረደ። ‹በቃኝ፣ ቀሪውን ነገ› አለችኝ፣ ተለያየን።»

«ሼህ ሙጀሂድ ቤት ማን ማን ነበር?»

«ሼሁ ብቻ ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጃቸው ዘይነባም ከጠፋች ቆየች።»

ከሼሁ ቤት ቀጥሎ፣ ከገደሉ አፋፍ ቅርብ ያለው የቢያድግልኝ ቤት ነው። ቢያድግልኝ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ገበሬ ነው። እንግዶቹን ወደ ውስጥ አስገብቶ አጎዛ አነጠፈላቸው። ቤቱ ውስጥ የእህል ጆንያ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ አይጥ የቀደደው ሁሉ ገብሱን መሬት ላይ ያፈሳል።

«ምስኪን፣ እኔ ቤት ሳትደርስ ቀረች» አለ። «በሬን ብታዩት ቁጥር የለውም።»

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን። ባለቤቴ ሰብሌ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብታለች። ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ከሼህ ሙጀሂድ ልጅ ጋር ተያይዘው ሄዱ።»

«ይህን ሁሉ እህል አይጥ እየጨረሰብህ ነው። የእህል ጉድጓድ የለህም?»

«አለኝ፣ ጓሮ ነው። ውኃ ገባበት።»

በዚህ መሀል አንዲት ባልቴት በሩ ላይ ብቅ አሉ፤ የሰብሌ እናት እማማ ፈንታዬ። አዲስ አረንጓዴ ሻሽ አስረዋል።

«በኮምቦልቻ የምታልፊ ከሆነ ልጄን ሰላም በይልኝ» አሏት ኢንስፔክተሯን። «ከዘይነባ ጋር ነው የሄደችው፤ ለቆጣሪዋም ነግሬያታለሁ። ይህን ሻሽ እሷ ናት የላከችልኝ፤ ቢያድግልኝ ከገበያ ተቀብሎ አመጣልኝ። አላህ ይስጠው፣ አማች ብቻ ሳይሆን ልጅ ሆነልኝ።»

ኡምኩልሱም ስትወጣ ከበሩ ጎን ያለውን ግድግዳ በመዳፏ ዳሰሰችው። እበቱ ገና እርጥብ ነው።

ከዚያ ዝቅ ብሎ ወዳለው ሼህ ሙጀሂድ ቤት ሄደች፤ ጓሮ ያለውን የእህል ጉድጓድ ጎንበስ ብላ አይታ ገባች። ሽማግሌው ደህና መምጣቷን ጠይቀው ሳይጨርሱ ከመጋረጃው ጀርባ ደረቅ ሳል ተሰማ።

«ማን ነው ያባ?»

ሼሁ አቀረቀሩ። «ልጄ ዘይነባ ናት። በቀደም አመሻሽ ላይ መጣች። ታማለች፤ ሰው እንዳያያት ደብቄያታለሁ። ሳታስፈቅደኝ ነበር የሄደችው፤ ሀፍረት ያዘኝ።»

መጋረጃው ተገለጠ። ዘይነባ ጉንጯ ሟሙቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል።

«አብሽሪ፣ አልቆይም» አለቻት ኡምኩልሱም። «ቆጣሪዋ አናግራሽ ነበር?»

«አዎ። የት እንደነበርኩ፣ ለምን እንደተመለስኩ፣ ከማን ጋር እንደሄድኩ ጠየቀችኝ።»

«ከማን ጋር ሄድሽ?»

ዘይነባ የተናገረችው አንድ ቃል ነው። ኡምኩልሱም ዓይኗን ገለጠች። ወጥታ አወቀን «ሁሉንም ቢያድግልኝ ግቢ ሰብስብልኝ» አለችው። «አካፋም ይምጣ።»

ጉሙ በከፊል ሲገለጥ ሁሉም ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር። ዘይነባ አባቷን ተደግፋ ስትገባ መንደርተኛው ተንጫጫ። እማማ ፈንታዬ ወደ እሷ ሊሮጡ ሲሉ አወቀ እጃቸውን ያዘ።

«ልጄስ? ልጄን የት ተውሻት?»

«ቆይ እማማ» አለች ኡምኩልሱም። ከዚያ ወደ ሁሉም ዞረች። «መቅደላዊት አልወደቀችም። ተገድላ፣ ተጎትታ ነው የተጣለችው። አቶ ቸኮል ተጣልተዋታል፤ ሞቷ ግን አንድም ሰው አይጨምርላቸውም፣ ራሳቸውም ያውቁታል። አለኸኝ ዋሽቶኛል። ሼሁ ቤት ከእሷ ጋር ገብቶ ቢሆን ኖሮ ዘይነባን ባየ ነበር። የት ነበርክ?»

አለኸኝ አለቀሰ። «ተዝካር ቤት አረቄ ስጠጣ። ብቻዋን ተውኳት።»

«ተውካት። እሷም ብቻዋን ወደ ቀጣዩ ቤት ሄደች።»

«እዚህ አልደረሰችም ብያለሁ!» አለ ቢያድግልኝ።

ኡምኩልሱም ወደ ግድግዳው ሄደች። «ቆጣሪዋ ከመግባቷ በፊት የቤቱን ቁጥር በቀይ ጠመኔ ከበሩ ጎን ትጽፋለች። እስከ ሼሁ ቤት ድረስ ሁሉም ጋ አለ። እዚህ የለም። እዚህ ያለው ትኩስ ልቅልቅ ነው። በዚህ ጉም እበት እንደማይደርቅ የማያውቅ ገበሬ አለ? ግድግዳ መለቅለቅስ በዚህ አገር የማን ሥራ ነው?»

«የሴት» አሉ አንዲት አሮጊት ሳያስቡት።

«በዚህ ቤት ሴት የለችም። የመዳፉን አሻራ እዩት፤ የኔ ሁለት መዳፍ ይገባበታል።» ቢላ አውጥታ እበቱን ፋቀችው። ከሥሩ ቀይ ጠመኔ ብቅ አለ።

ሰው ሁሉ ጠጋ ብሎ አየ።

«ለምን ይገድላታል?» አለ ቸኮል። «እሱ እኮ ዝንብ አይነካም።»

«ስለጠየቀችው ነው። እማማ ፈንታዬ ልጃቸው ከዘይነባ ጋር መሄዷን ነግረዋት ነበር። ዘይነባ፣ ለእኔ ያልሽኝን በይ። ከማን ጋር ሄድሽ?»

«ብቻዬን» አለች ዘይነባ። «ከሰብሌ ጋር ተቀጣጥረን ነበር። አውቶብስ ተራ ጠብቄያት ቀረች። ባሏ ከልክሏት ነው ብዬ ሄድኩ።»

«በሰብሌ በኩል ሰላምታሽ ይደርሰኝ ነበር እኮ» አሉ ሼሁ ግራ ገብቷቸው። «ቢያድግልኝ ነው የሚነግረኝ።»

«እኔ ለማንም ሰላምታ ልኬ አላውቅም አባ።»

ኡምኩልሱም ድምፅዋን አላነሳችም። «ሁለቱ መልሶች አልገጠሙም። ቆጣሪ ደግሞ ያልገጠመ መልስ አትተውም፤ ከሼሁ ቤት በቀጥታ እዚህ መጥታ ‹ሰብሌ የት ናት?› አለችው። ይህን ያህል እህል ለአይጥ የሚገብር ገበሬ ጉድጓዱን የሚፈራው ውኃ ገብቶበት አይደለም። ከታች ያለው የሼሁ ጉድጓድ እንኳ ደረቅ ነው። አወቀ፣ ቆፍር።»

በጉድጓዱ ላይ ሳማ በቅሎበታል። የመጀመሪያው አካፋ ሲገባ ቢያድግልኝ ባለበት ተቀመጠ።

«ሌሊት ጓዟን ስታስር ደረስኩባት» አለ፣ አንዱን ጎረቤት እንደሚያጫውት። «ጠዋት ‹ሄደች› አልኩ። በቃ፣ ሁሉም ይሄድ የለ? አንድ ሰው ‹ለምን?› አላለኝም። ወንድሟ አልጠየቀኝ፣ ቄሱ አልጠየቁኝ፣ ሊቀመንበሩ አልጠየቀኝ። ከአጅባር የመጣች ባዕድ ምን አግብቷት ትጠይቀኛለች? ዞር ስትልልኝ በዘነዘና መታኋት።»

ቸኮል ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

የጉድጓዱ ድንጋይ ተነሳ። ሰብሌ ታች ተጣጥፋ ነበር፤ ጓዟ እንደታሰረ ጭኗ ላይ ተጥሏል። በብርድ ልብስ አውጥተው አጋደሟት። እማማ ፈንታዬ ቀርበው አዩ።

«ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም» አሉ በዝግታ። «የኔ ልጅ ኮምቦልቻ ነው ያለችው።»

አወቀ ፊቱን አዞረ። ኡምኩልሱም ግን ሕጉ የሚፈልገውን ታውቃለች፤ ሟቿን የሚለይ ዘመድ ያስፈልጋል፣ ወንድሟም መተማ ነው ያለው። ጎናቸው ተንበርክካ ክንዳቸውን ያዘች።

«እማማ፣ እንደገና ይዩ።»

«አላይም።»

«ይዩ።»

ባልቴቷ ረጅም ጊዜ አዩ። «ጥርሷ ነው» አሉ በመጨረሻ። «በልጅነቷ በቅሎ ረግጣ የሰበረችው ጥርሷ ነው።» መሬት ላይ ቁጭ አሉ። የሚያስነሳቸው ጠፋ።

ቢያድግልኝን እጁን አስረው ወደ መኪናው ወሰዱት። መንገዱ በእሳቸው ጎን ነበር። ሲደርስ እንደ ወትሮው አንገቱን ሰበረ።

«እንግዲህ ደህና ይሁኑ እማማ።»

«በሰላም ግባ ልጄ» አሉት።

የተናገሩትን የሰሙት ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው። አፋቸውን በሁለት እጃቸው አፈኑት።