ወረቀት የማያውቀው ውሃ

የፕሮፌሰር ደጀኔ ሬሳ ከቦይ ወጥቶ ኤምሬቶች ውስጥ አል ዓይን ከተማ ያለው የተምር እርሻው ውስጥ ተሸፍኖ ሲጠብቃት፣ ዶክተር ዓይናለም እንባ አልመጣላትም። ይልቅስ ተናደደች። ከአሥር ዓመት በፊት ከውሃ መሐንዲስነት ወደ ታሪክ ስትዞር፣ «ቧንቧ ሠሪ ታሪክ አይጽፍም» ብሎ ጥናቷን የጣለባት፣ ኋላም ያንኑ ጥናት በስሙ ያሳተመው እሱ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሌብነቱን የሚያጋልጠው መጽሐፏ ሊወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሰውዬው በሞት አመለጣት።

የፖሊስ ሻምበል ጧሂር ከአቡዳቢ ድረስ ያስጠራት የሟቹ ወረቀቶች በአማርኛ ስለተጻፉ ነበር። ከወረቀቶቹ መካከል ረዳቱ የተረጎመው የእርሻዎቹ የውሃ ተራ መዝገብ ይገኝበታል።

«ትናንት ሐሙስ ማታ ማጅራቱን ተመትቶ ውሃው ውስጥ ተደፍቷል» አላት። «ማታ እዚህ የነበረው ለእርሻዎቹ ውሃ በተራ የሚያከፋፍለው ዓብዱልቃድር ብቻ ነው። ይዘነዋል።»

ዓብዱልቃድር ሐረር ተወልዶ እዚህ የሸበተ ሽማግሌ ነው። እጁ በካቴና ታስሯል። ሻምበሉ የጠየቀው ማን እንደገደለ ብቻ ነበር፤ ስለ ውሃው ማንም አልጠየቀውም።

«አባባ፣ ውሃው ትናንት እዚህ መቼ ገባ?»

«ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ልጄ። ተራችን ከእኩለ ቀን ጀምሮ ነበር። ጎረቤታችን ልጁን ሲድር የቀኑን ውሃ ፈለገና ተለዋወጥን።»

«የት ተጻፈ?»

«ምን ይጻፋል? ቃል ተሰጣጠን፣ ኸላስ፣ አለቀ!»

ጎረቤቱም ስትጠይቀው ይህንኑ ነገራት።

የሟቹ ረዳት ኢዩኤል መበለቲቱን ወይዘሮ ብሩክታዊትን ደግፎ ቆሟል። የጫማው ስፌት ውስጥ ጭቃ ደርቋል።

«ጫማህ ምን ነካው?» አለችው ዓይናለም።

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፕሮፌሰር ጋር ቦዩ ዳር ነበርን። ውሃው ሞልቶ ስለነበር አዳልጦኝ ገባሁበት። ከዚያ በቀጥታ አቡዳቢ ሄድኩ፤ አልተመለስኩም።»

«አዲሱን ጫማ!» አሉ ብሩክታዊት። «ትናንት ጧት አቡዳቢ፣ ከመዲናት ዛይድ ገበያ አብረን የገዛነውን!»

ዓይናለም ሁሉንም ከተምሩ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«የውሃ ተራውን መዝገብ ያነበበ ሰው፣ ሐሙስ ከእኩለ ቀን ጀምሮ እዚህ ውሃ አለ ይላል። መዝገቡን የተረጎመው ኢዩኤል ነው። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ይህ ቦይ ደረቅ ነበር፤ ውሃው የገባው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ጫማው የትናንት ግዢ ስለሆነ ጭቃው የቆየ አይደለም። እንግዲህ ይህን ጭቃ የረገጠው ማታ ነው፤ ደጀኔ በሞተበት ሰዓት።»

«መዝገቡ ላይ እኮ...» አለ ኢዩኤል ወደ ሽማግሌው ዞሮ።

«ወረቀቱን አመንክ፤ ሽማግሌውን አልጠየቅክም። አንተን ያስተማረህ ደጀኔ ነው። እኔ መዝገብ ከማንበቤ በፊት ከቦይ ቆፋሪዎች ጋር እውል ነበር፤ ውሃ ወረቀትን ሳይሆን የሰው ቃል እንደሚሰማ ያሳዩኝ እነሱ ናቸው።»

ሻምበሉ አፍሮ የሽማግሌውን ካቴና ፈታና ወደ ኢዩኤል ዞረ። ያን ጊዜ ወጣቱ ጮኸ።

«የሦስት ዓመት ልፋቴን በስሙ አሳተመው! የእርስዎንም እኮ ዘርፏል! ደስ ሊልዎት ይገባ ነበር!»

ዓይናለም ከቦርሳዋ የመጽሐፏን የመጀመሪያ ቅጂ አወጣች።

«ደስ የሚለኝ ይህን ሲያነብ ፊቱን ባይ ነበር። እሱ ጥናቴን ሰረቀኝ፤ አንተ ደግሞ በቀሌን።»